ባህር ዛፍ ለጋረደው ዲሽ የጥላ መላ

ደሴ ውስጥ ባህር ዛፍ የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። እኛ ያለነው ጦሳ ተራራ ሥር ነው። በደቡብ ምሥራቅ ያለው አጥራችን ዳር ዳሩን የጎረቤታችን ባህር ዛፍ ተሰልፎበታል። ቤቱ ስንገባ ዛፎቹ ከጣሪያው ብዙም አይበልጡም ነበር። ባህር ዛፍ ግን ባለበት አይቆምም። ዓመት ዓመትን ሲተካ ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ በቁመት ጥለውት ሄዱ።

መጀመሪያ ነፋስ ሲነሳ ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። ክረምት ሲገባ ጭራሽ ጠፋ። አባቴ ዜና ሳያዩ የሚያድሩ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ሰው ሁሉ «ዝናብ ነው፣ አብሽር፣ ያልፋል» አለኝ። ልዩነቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው። ዝናብ ያመጣው ችግር ዶፉ ሲያባራ አብሮ ያባራል። የዛፍ ከሆነ ሰማዩ ጠርቶም ይቀጥላል፤ ቅጠሉ ገና ውሃ እንዳዘለ ነው። ዲሹ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እርጥብ ቅጠል በቀላሉ ይውጠዋል። ባህር ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን አራግፎ ዕርቃኑን የሚቆምበት ወቅት ስለሌለው በጋን መጠበቅ አያዋጣም።

ዲሽ የሚገጥመው ልጅ ረጅም ብረት ላይ እናውጣው አለ። አልተስማማሁም። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ሦስት ሜትር ከፍ ማለት ለሲግናሉ የሚጨምረው ነገር የለም። ረጅም ብረት ደግሞ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ሁለት ዲግሪ ከሳተ ምስል የለም።

ዛፉን ማስቆረጥማ አላሰብኩትም። ጎረቤታችን ጋሼ ለልጃቸው ጎጆ መውጫ ያሳደጉት እንጨት ነው። ቡና አብረን የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ ለቴሌቪዥን ብዬ እንዲህ ያለ ነገር አልጠይቃቸውም።

የቀረው ዲሹን ከዛፉ ማራቅ ነበር። ግን የት? የእኛን ቻናሎች የያዘው ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ከደሴ ሲታይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 66 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ነው፤ ወደ አናታችን የቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጋርደን በጣም የቀረበ ዛፍ ብቻ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከዛፉ ያላችሁን ርቀት በ2.2 አባዙት። ከዛፉ 5 ሜትር ርቆ የተተከለን ዲሽ የሚጋርደው ከዲሹ 11 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ ነው። ለ20 ሜትር ዛፍ 9 ሜትር ከራቃችሁ መሬት ላይ እንኳ ይሠራል። ናይልሳት ግን ከደሴ ወደ ምዕራብ 35 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ለእሱ ከዚያው ዛፍ 28 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል።

ዲሹን አይቶ አቅጣጫውን መገመት ያሳስታል። ኤል ኤን ቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) በክንድ ከታች የወጣለት ዲሽ የሚያየው ፊቱ ከዞረበት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው። ዛፉ ላይ ያፈጠጠ ሲመስላችሁ በላዩ አልፎ ሊሆን ይችላል።

እኔን የገላገለኝ ፀሐይ ነው። በመስቀል ሰሞን ከረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ፀሐይ ከደሴ ስትታይ ልክ ኢትዮሳት ያለበት ቦታ ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የዛፍ ጥላ ያረፈበት ቦታ ሳተላይቱም ተጋርዶበታል። ፀሐይ ያገኘው ቦታ ሳተላይቱንም ያገኛል። ግቢው ውስጥ እየዞርኩ ንጹሕ ፀሐይ ያረፈበት ላይ ሁሉ ድንጋይ አስቀመጥኩ። በቅጠል መሃል እየተቆራረጠ የሚወርድ ብርሃን አይቆጠርም። ድንጋዮቹ የተሰበሰቡት ከአጥሩ ራቅ ብሎ፣ ልብስ ማስጫው ጋ ነበር። ዛፉ ማደጉ ስለማይቀር ከጥላው ጫፍ ሁለት ሜትር ያህል ጨምሬ ራቅሁ።

አተካከሉ ላይ አትሰስቱ። የደሴ ጭቃ በክረምት ይላላል፤ ብረቱ ትንሽ ካጋደለ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። ጉድጓዱን ጠልቄ ቆፍሬ በሲሚንቶ ሞላሁት፣ ብረቱን በቱምቢ አቆምኩ። ኬብሉን ሳልቀጥል አንድ ወጥ አድርጌ ሳብኩ። ልጁ መጥቶ ዲሹን እያዞረ ሲፈልግ የሲግናሉ ኳሊቲ በአንዴ ወጣ። በማግሥቱ በዚያችው ሰዓት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ተቆራረጠ። ወጥቼ ሳይ ከዲሹ የተመለሰው የፀሐይ ብርሃን የኤል ኤን ቢው ፊት ላይ ተሰብስቧል። ፀሐይዋ ከሳተላይቱ ኋላ እያለፈች ነበር። ዲሹ በትክክል እንደተቃና ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አልፈልግም።

የመስቀሉ ካመለጣችሁ መጋቢት 6 አካባቢ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10 ላይ ሞክሩት። ጥቂት ቀን ቢቀድም ቢዘገይም ችግር የለውም። ለኮምቦልቻም ቁጥሩ ያው ነው። እዚያ ያለችው እህቴ ሞክራው ግቢዋ ዳር እስከ ዳር ጥላ ሆኖ አገኘችው። ከጎረቤቷ ጋር ተነጋግራ ባለ ሁለት መውጫ ኤል ኤን ቢ ገዛች። ዲሹ እነሱ ግቢ ተተከለ፣ አንዱ ኬብል ወደ እነሱ፣ ሌላው ወደ እሷ ገባ። ሁለቱም ቤት የየራሱን ሪሲቨር ይዞ የፈለገውን ቻናል ያያል።