ጠገራ ብር ስትገዙ ጠርዙን አንብቡ

በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርም ሆነ በመንዝ ከሣጥን የሚወጣው ጠገራ ብር ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ይላል። ሻጩም «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው» ብሎ ዋጋ ይጠራል። የተጻፈው ዓመት ግን ዕድሜውን አይናገርም። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ስትሞት የብሩ መልክ እዚያው ቆመ። ነጋዴው ሌላ መልክ ያለውን አልቀበልም ስላለ ቪየና ያንኑ ዓመት እየጻፈች መምታቷን ቀጠለች፤ ዛሬም ትመታለች። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ሲያገኝ ሮም ገባችበት። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ፤ ኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም። ስለዚህ አንዱ 1780 በእርግጥ የጥንት፣ ሌላው የጣሊያን ወረራ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ከ1780 በፊት ያለ ዓመት የተጻፈበት ሲገኝ ነገሩ ሌላ ነው። ንግሥቲቱ የሐዘን መከናነቢያ ያደረገችው ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ ነው። ሳትከናነብ የተቀረጸችበት ብር ከቀረበላችሁና ትክክለኛ ከሆነ አትልቀቁት።

በ1780ዎቹ መካከል ብርቁን የሚለየው ጥቃቅን ነገር ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። ከደረቷ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ዛሬ በጀርመን የምትገኘው የጉንዝቡርግ ከተማ ገንዘብ ማምረቻ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። ሌሎቹ ከተሞች ይህንኑ ገልብጠዋል። በእነሱ ፈንታ ቲ ኤስ እና አይ ኤፍ የሚል ካገኛችሁ ከራሷ ከጉንዝቡርግ የወጣና ጥቂት የሆነ ዓይነት ነው። ከዚያ የትከሻዋን ጌጥ እዩ፦ ክብ ነው ወይስ ሞላላ? ሉሎቹስ ስንት ናቸው? የራሷን ጌጥ ሉሎች፣ የንስሩን የጅራት ላባ አደራደር፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለችውን ሰያፍ መስቀልም ተራ በተራ አስተያዩ። የየከተማው መምቻ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ድሮም የአገራችን ነጋዴ ሉሉን ሳይቆጥር፣ ፊደሉን ሳያይ ብር አይቀበልም ነበር፤ ሞኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ጠርዙ። «ዩስቲትያ ኤት ክሌመንትያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ («ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው) ከብሩ ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ የሐረግ ጌጥ ገብቶበት ዙሪያውን ይሄዳል። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ፊደሉ ደብዝዞ ጥጉ ይሟሟል፤ አንዳንዴም ዙሪያውን ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል። ፊቱን አሳምሮ የሚያስመስል ሰው እንኳ ጠርዙ ላይ ይሰንፋል።

ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ንጥረ ብሩ ከሺህ 833 ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አስጥሙት። 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት። ክብደቱን በዚህ ስታካፍሉ 10.2 ይመጣል። የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ከሆነ 8.9 ይሆናል። ብሩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ዝቅ ስለሚያደርገው አራግፋችሁ ድገሙት። ማግኔት ከሳበው ብረት አለበት፤ ካልሳበው ግን ምንም አላረጋገጣችሁም።

የሸዋ ጠገራ ትልቁ ችግር ግን ሐሰተኛነቱ አይደለም፤ አንገት ላይ መዋሉ ነው። አንጥረኛው ማንጠልጠያ በይዶበታል ወይም በስቶታል፤ ኋላ ሻጭ ማንጠልጠያውን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ ያቀርበዋል። 3 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ የሚወስደው 0.2 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነና እሱም ስለሚደፈን ሚዛን አይነግራችሁም። ከራሷ በላይ ያለውን ጠርዝ መጀመሪያ አንብቡ። እዚያ ፊደል ተፍቆ ከጠፋ ወይም ግራጫ ብየዳ ከታየ ማንጠልጠያ ነበረው። የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ በፊትም በጀርባም አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ይለያል፤ በጣት ጫፍ ይዛችሁ ስትመቱትም ድምፁ ይታፈናል። እንዲህ ያለውን በብሩ ክብደት ዋጋ እንጂ በብርቅነት አትግዙ።

የምኒልክ ብር ፓሪስ የተመታ ሲሆን ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፎበታል፦ 1887፣ 1889፣ 1892 ወይም 1895 ዓ.ም.። አንበሳው ያነሳው ግራ እግሩን ነው ወይስ ቀኙን? ሁለቱም ዓይነት ስላለ ለየብቻ መዝግቡ። 1918 (እ.ኤ.አ.) የሚለው፣ ጠገራ የሚመስለው የጣሊያን ብር በዘመኑ ሕዝቡ ፊቱን ያዞረበት ነው፤ ለስብስብ ግን መልካም ነው።

በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና አታሹት። ያረጀበት ጥቁረት ከተፋቀ በኋላ አይመለስም፤ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ቅባት ካለበት አሴቶን ውስጥ ነክራችሁ ሳታሹ አድርቁት፤ አሴቶን ስለሚቀጣጠል ከእሳት ራቁ። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ይተውበታል። የመንዝ ባና ውስጥ መጠቅለልም አይሆንም፤ ሱፍ ድኝ ስላለው ብር ያጠቁራል። ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ክብ መያዣ ይበቃል፤ ቦታውም ከኩበት ጭስና ከእርጥበት የራቀ ይሁን።