ፍጥነት ከመጨመራችን በፊት የሳሎኑን ዋይፋይ እንፈትሽ

በኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች፣ ምሽት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ ቪዲዮ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረን፣ ቶሎ የሚታየን መፍትሔ ከፍ ያለ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ነው። እኔ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ችግሩ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ይሁን ወይስ በቤት ውስጥ ባለው ዋይፋይ ላይ መለየት አለብን ባይ ነኝ። የፊልም ማሳያ አገልግሎቱ ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ (ሙሉ ኤችዲ) ጥራት 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ከዚያ ለሚበልጠው ለ4ኬ ጥራት ደግሞ 15 ያስፈልጋል ይላል፤ ስለዚህ ባለ 10 ሜጋ መስመር በትክክል የሚደርሰው ቤት አንድ ጥሩ ቪዲዮ ለማየት አያንሰውም። ላፕቶፕን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ (ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን) ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት፣ ከዚያም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሆኖ በዋይፋይ መድገም ነው። በገመድ ሙሉ ሆኖ በዋይፋይ ከወረደ መስመሩ ጤነኛ ነው።

ዋይፋይ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር፣ በአንድ ቻናል (ዋይፋይ በሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክፍል) ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ፣ የጎረቤትም ጭምር፣ ተራ እየጠበቁ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሁለት የተለመዱ የሞገድ ክልሎች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ እነዚህኑ ይሻማሉ። ከዚህም በላይ፣ መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ በደካማ ሲግናል ስልክ የሚጠቀም አንድ ልጅ፣ ስልኩ ጥቂት ዳታ ለማስተላለፍ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ራውተሩ ሥር የተቀመጠውን ቴሌቪዥን ያስጠብቀዋል። የቤቱ ፍጥነት የሚበላው እንዲህ ነው፤ ጥቅል ማሳደግም ይህንን አይነካውም።

ሌላው የሞገድ ክልል፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ሰፋ ያለና ብዙ ቻናል ያለው ነው። ግድግዳ አያልፍም ተብሎ ይታማል፤ ለኮንዶሚኒየም ግን ይህ ጠባዩ ይጠቅማል፣ የጎረቤትም ሲግናል በብሎኬቱ ተዳክሞ ስለሚቀር። በራውተሩ ማስተካከያ ገብቶ ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም መስጠትና ቴሌቪዥኑን በዚያ ብቻ ማገናኘት ጥሩ ነው። ራውተሩም ከቡፌ ውስጥና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወጥቶ ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ ይቀመጥ።

ከሁሉ የምመርጠው ግን ገመድ ነው። ቴሌቪዥን ከቦታው የማይንቀሳቀስ ዕቃ ነውና በኔትወርክ ገመድ ቢገናኝ እርሱም ከወረፋ ይወጣል፣ ለስልኮቹም አየሩ ይለቀቅላቸዋል፤ ካት 5ኢ የሚባለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሠራ የአንድ ቤት ርቀት አያሳስበውም። ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት የሚጭኑበትን ሰዓትም ወደ ሌሊት ማዛወር ይረዳል፣ የመላኪያው መንገድ ሲጨናነቅ የሚወርደው ቪዲዮም ይዘገያልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በገመድ የተለካው ፍጥነት ከጠዋቱ በእጅጉ ካነሰ፣ ያኔ ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ተገቢ ነው።