መብራት ሲመለስ ዳታቤዙ አልነሳ ያለ ዕለት

ደሴ ላይ ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ፣ ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው በየደቂቃው «ሴቭ» እያለ ነው የሚውለው። በዚያ ሰሞን ለአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ የማርና የጋቢ መሸጫ ድረ ገጽ እየሠራን ነበር። ሥራው ገና ሰርቨር ላይ አልወጣም፤ ድረ ገጹ የሚሠራበት ዎርድፕረስ ያለው ቢሮ በሚገኘው ማሽን ውስጥ፣ ዛምፕ ላይ ነው፤ ዛምፕ የድር ሰርቨርንና ዳታቤዝን አንድ ላይ በገዛ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራቱ ድርግም አለ። የዩፒኤሱም ባትሪ ደክሞ ኖሮ አንዴ ጮኾ አብሮ ጠፋ።

መብራት ሲመጣ፣ ዕቃዎቹን ስታስገባ የሰነበተችው ባልደረባችን ዛምፕን ከፈተች። ገጾቹን የሚያቀርበው አፓቼ አረንጓዴ ሆነ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ግን ጥቂት ቢጫ ሆኖ ቆየና ሳይታሰብ መቆሙን የሚናገር ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን ይደረድራል፦ ፖርት (ፕሮግራሙ የሚገናኝበት ባለ ቁጥር በር) ተይዞ ይሆናል፣ ፈቃድ ጎድሎ ይሆናል፣ ብልሽት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፖርት ቀድሞ ስለተጠራ ሁሉም የማይኤስኪውኤልን ፖርት 3306ን ሲያሳድድ ይውላል፤ ትክክለኛው ምክንያት የተጻፈው ግን ዳታቤዙ የሆነውን በሚመዘግብበት ፋይል፣ በሎጉ ውስጥ ነው።

ሌላው ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ «አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል አጥፉት ይላል፤ ላጥፋው?» አለኝ።

«ወላሂ እንዳትነካው!» አልኩት።

ይህ ምክር ስንቱን ሥራ እንዳጠፋ ሳስብ ያንገበግበኛል። ኢኖዲቢ ዳታቤዙ ሠንጠረዦችን የሚያስቀምጥበት ሞተር ነው፤ አይቢዳታ1 ደግሞ የኢኖዲቢ ሠንጠረዦች ዝርዝር የሚቀመጥበት ፋይል ነው። እሱ ከጠፋ የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ የራሱ ፋይል መረጃውን እንደያዘ ቢቀር እንኳ፣ ዳታቤዙ «እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አላውቅም» ይላል። እናም ምንም ከመንካታችን በፊት፣ ማይኤስኪውኤል እንደቆመ፣ «ዳታ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግነው። ከዚያ በኋላ የሚበላሽ ነገር ቢኖር እንኳ መመለሻ አለን።

ሎጉን ከፍተን ወደ መጨረሻው ወረድን። አሪያ የሚባለው ሌላው የማስቀመጫ ሞተር ማገገም እንዳልተሳካለት፣ አሪያ ቼክ የሚባለውን መጠገኛ በአሪያ ሠንጠረዦች ላይ ማስኬድና የአሪያ ሎግ ፋይሎችን ማጥፋት እንደሚያስፈልግ በግልጽ ተጽፏል። ኢኖዲቢን የሚከስ አንድም መስመር የለም።

እዚህ ላይ የዛምፕን ውስጥ ማወቅ ይጠቅማል። መቆጣጠሪያው ላይ ማይኤስኪውኤል ይበል እንጂ ከ2015 ወዲህ ውስጡ ያለው ከማይኤስኪውኤል የወጣው ማሪያዲቢ ነው። ማሪያዲቢ ደግሞ ከእትም 10.4 ጀምሮ የተጠቃሚና የፈቃድ መረጃ ያለባቸውን የራሱን ሠንጠረዦች የሚያስቀምጠው በአሪያ ነው። የእኛ ዕቃዎች፣ ዋጋዎችና ገጾች ያሉት በኢኖዲቢ ነው። የዘበኛው ጎጆ ተጎዳ እንጂ ጎተራው አልተነካም ማለት ነው። ቪዲዮውን ሰምተን ቢሆን ደህናውን ጎተራ በገዛ እጃችን ባፈረስን ነበር።

አሪያ ቼክን በመጠገኛ ትእዛዙ አስኬድነው፤ የአሪያ ሎግ ፋይሎቹንም ከማጥፋት ይልቅ ወደ ሌላ ፎልደር አወጣናቸው። ማይኤስኪውኤል አረንጓዴ ሆነ። ኢኖዲቢ ለውጥን አስቀድሞ የራሱ ሎግ ላይ ስለሚጽፍ፣ ሲነሳ ያንን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ልጅቷ የዕቃዎቹን ገጽ ስትከፍት፣ መብራት ሊጠፋ ሲል ያስቀመጠችው ባለ ጥለት ጋቢ ከነዋጋው ቁጭ ብሏል። የጠፋው እየጻፈችው የነበረውና ገና ያላስቀመጠችው የማር መግለጫ ብቻ ነው።

ኢኖዲቢው ራሱ ተጎድቶ ቢሆን ነገሩ ይከብድ ነበር። ያኔ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የግዳጅ ማገገሚያውን ደረጃ ከ1 ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ፣ ዳታቤዙ በተነሳበት ቅጽበት መረጃውን ማውጣት ነው። 4 እና ከዚያ በላይ መረጃን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ስለሚችል ያለ ኮፒ አይሞከርም።

ዳታቤዙ ተርፎ ኮዱ ላይ ሌላ ጣጣ ገጠመን። ክፍት የነበረው፣ የድረ ገጹን ገጽታ ኮድ የሚይዘው ፈንክሽንስ ፋይል መጠኑ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ባዶ ሆኗል፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ ባይት ብቻ። ዊንዶውስ የፋይሉን መጠን መዝግቦ ይዘቱን ገና ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ ኃይል ሲቋረጥ የሚደርስ ነገር ነው። ያዳነን ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ ቪኤስ ኮድ ነው፤ ከመጋቢት 2022ቱ እትም (1.66) ጀምሮ ፋይል በተቀመጠ ቁጥር ቅጂውን ታይምላይን በሚባለው የታሪክ ዝርዝሩ ውስጥ ይይዛል። የቅርቡን መርጠን መለስነው።

ወደ ማታ ነጋዴው ደወሉ። «ልጆቼ፣ እናንተም ጋ መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ። ያ ሁሉ ዕቃ አለ?»

«አብሽሩ ሐጂ፣ አለ» አለቻቸው። ደስታዋ ከድምፅዋ ይሰማ ነበር።

አሁን የዩፒኤሱ ባትሪ ተቀይሯል። ቀትር ላይና ማታ፣ ዊንዶውስ በቀጠሮ ማይኤስኪውኤልደምፕን አስነስቶ ዳታቤዙን ወደ አንድ ፋይል ያወጣል፤ ፋይሉም ከማሽኑ ውጭ ይቀመጣል። ኮዱም ለውጥን ሁሉ በሚመዘግበው ጊት ተይዟል። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ፋይል ባዶ ዳታቤዝ ላይ ሪስቶር አድርጋ የዕቃዎቹን ብዛት ከዋናው ጋር ታስተያያለች።