ቆጣሪው 40 ላይ እንደቆመ የወደቀው ጭነት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንዴ ጭኖ ይወርድ የነበረ አይሱዙ፣ ሐረጎ ላይ ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ከላይኛው ድርድር ስድስት ጆንያ ጣለ። ሰው አልተጎዳም። ጭቅጭቁ የመጣው «ማን ይክፈል?» ሲባል ነው። ሹፌሩ «ነዳጅ አልረገጥኩ፣ ፍሬን አልያዝኩ፣ ቆጣሪው 40 ላይ እንደቆመ ነው!» ብሎ ጥፋቱን በጫኞቹ ገመድ ላይ አሳበበ። ረዳቱ ደግሞ ኩርባው ወደ ውጭ ወረወረው ባይ ነው።

ድሮ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት የስምሪት ኃላፊ መጀመሪያ ያዩት ጆንያዎቹ ያረፉበትን ቦታ ነው። በስተጎን ሳይሆን ወደ ፊት፣ መኪናው ሳይታጠፍ ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ ነው የተገኙት። የወረወራቸው የለም፤ መኪናው ታጠፈ፣ እነሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በመንገዱ የዳር መስመር ላይ 20 ሜትር ገመድ ቀጥ አድርገው አስወጠሩና ከገመዱ መሐል እስከ መስመሩ ያለውን ክፍተት ለኩ፤ 1.7 ሜትር። የ20 ካሬ ለ8 ጊዜ 1.7 ተካፍሎ የክፍተቱ ግማሽ ሲደመርበት፣ የኩርባው ሬዲየስ 30 ሜትር ገደማ ይወጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 11.1 ሜትር ነው፤ ካሬው ለ30 ሲካፈል 4.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ፤ ይህ የመኪናው አክስለሬሽን ነው፣ ማለትም ፍጥነት ወይም አቅጣጫ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን።

«አብሽር፣ አልዋሸህም» አሉት ሹፌሩን። «ግን ቆጣሪው የጎማውን ዙር እንጂ የመኪናውን አቅጣጫ አይቆጥርም።» አቅጣጫ ብቻ ሲለወጥም አክስለሬሽን አለ። ጎማውን ወደ ኩርባው መሐል የሚስበው የአስፋልቱ ሰበቃ ለጉዞው ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ) ስለሆነ አያፈጥንም፣ አያዘገይምም፤ ያጣምማል እንጂ። ለሳተላይት ይህን የሚሠራው ስበት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ወደ ምድር መሐል ያለው አክስለሬሽን 8.7 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ይህ የሚሠራው ምሕዋሩ ክብ ሲሆን ነው። ምድር ራሷ በሞላላ ምሕዋር ስለምትዞር ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሰከንድ 30.3፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ 29.3 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ እዚያ ስበቱ ሁልጊዜ ቀጤ ነክ አይደለም።

ወደ ስንዴው እንመለስ። 50 ኪሎ ጆንያ ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲታጠፍ 50 ጊዜ 4.1፣ ማለትም 205 ኒውተን ጉልበት ያስፈልገዋል። ፕላስቲክ ጆንያ በፕላስቲክ ጆንያ ላይ የሚይዘው ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል ነው፤ 160 ገደማ። የቀረውን ገመዱ መያዝ ነበረበት፣ ገመዱ ደግሞ ላልቶ ነበር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢታጠፍ 115 ኒውተን ይበቃው ስለነበር ያለ ገመድም ባልወደቀ። ሒሳቡ ለሹፌሩና ለጫኞቹ እኩል ተካፈለ፤ ሁለቱም ወገን ቅር አለው።

ጫኞቹ የሳቱት አንድ ነገር ነበር፦ ገመዱን የዘረጉት ከፊት ወደ ኋላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ለፍሬን ይረዳል፤ ለኩርባ ግን ከጎን ወደ ጎን ተሻግሮ መጥበቅ አለበት። ስንዴ በመንቀጥቀጥ ስለሚሰፍርም፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።