አንድ ሕፃን ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የማመዛዘን ፈተና ይሰጥ የነበረው ወጣቱ ስዊዘርላንዳዊ ዣን ፒያዤ፣ ሥራው ትክክለኛ መልሶችን መቁጠር ሆኖ ሳለ ዐይኑ ያረፈው በስሕተቶቹ ላይ ነበር። በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ መሆኑን አስተዋለ፤ ልጅ ከዐዋቂ የሚለየው በእውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን በአስተሳሰብ ስልትም ጭምር ነው ወደሚል ሐሳብም ደረሰ። ስለ ልጆች አእምሮ ከዚያ ወዲህ ከተጻፈው ውስጥ ብዙው፣ የደገፈውም የተቃወመውም፣ መነሻው ይኸው አስተውሎት ነው። እኔን ለረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ግን ጠያቂው ነው።

ከፒያዤ ሙከራዎች አንዱ በማንኛውም ቤት ሊሠራ ይችላል። ስድስት ስድስት የሽምብራ ፍሬ በሁለት ትይዩ መስመር ይደረደርና ልጁ «እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይበልጣል?» ተብሎ ይጠየቃል። እኩል ናቸው ካለ በኋላ፣ ጠያቂው ልጁ እያየው የአንዱን መስመር ፍሬዎች አራርቆ ያረዝመውና ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ብዙ ልጆች የረዘመው ይበልጣል ይላሉ። ለፒያዤ ይህ፣ አቀማመጥ ሲለወጥ ብዛት እንደማይለወጥ ልጁ ገና አለመረዳቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር።

የአምስት ዓመቷን የእህቴን ልጅ በዚሁ መንገድ ስጠይቃት፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እንደሰማች ሽምብራውን ትታ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ጥቂት ቆየት አለችና የረዘመውን መስመር በጣቷ ነክታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄኛው» አለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አንተ እኮ አረዘምከው» አለችኝ። በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ሽምብራውም አለ፣ እኔም አለሁ። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ለውጦ ጥያቄውን ሲደግም፣ የለወጠው ነገር መልሱን ይመለከተዋል ብሎ መገመት የንግግርን ሥርዓት ማወቅ ነው፤ ያውም በአምስት ዓመት።

ይህን የፈተሹ ተመራማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ የስድስት ዓመት ልጆችን፣ ለውጡ ከተደረገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠይቋቸው፣ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ከተጠየቁት የተሻለ መለሱ። በዚያው ጊዜ ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን መስመሩን የሚያበላሸው አሻንጉሊት ድብ እንዲሆን አደረጉ። ለውጡ የጠያቂው ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የድቡ ጥፋት ሲመስል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «እኩል ናቸው» አሉ። በተለመደው መንገድ ሲጠየቁ ግን እንዲህ ያሉት ልጆች ቁጥር ያነሰ ነበር።

ይህ ግኝት ለእኛ ልጆች ይበልጥ የሚመዝን ይመስለኛል። ልጅ ታላቅ ሲናገር እንዲያዳምጥ፣ ዐይን ዐይኑን እያየም እንዳይከራከር ተነግሮት በሚያድግበት ቤት፣ ተደግሞ የመጣ ጥያቄ እንደ ተራ ጥያቄ አይሰማም። ክፍል ውስጥም መምህሩ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ብዙውን ጊዜ ለተሳሳተ ተማሪ ስለሆነ፣ ይህን የሰማ ልጅ መልሱን ለመቀየር ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ጉዳዩ ትውስታንም ይነካል። በሕፃናት ምስክርነት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በተለይ ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ ሲደጋገምባቸው የመጀመሪያ መልሳቸውን ወደ መለወጥ ያዘነብላሉ፤ «ምን ሆነ? እስኪ ንገረኝ» ሲባሉ ግን የሚናገሩት ጥቂት ቢሆንም የበለጠ የሚታመን ነው። ከአፀደ ሕፃናት እያለቀሰ የተመለሰ ልጅ «ማን መታህ? እገሌ ነው አይደል? እውነቱን ተናገር!» እየተባለ ሲጠየቅ ከቆየ፣ በኋላ የሚናገረው የደረሰበትን ይሁን ከጥያቄው የሰማውን እናቱ ልትለይ አትችልም፤ ልጁ ራሱም ቢሆን።

ይህን ስል የፒያዤ ሐሳብ ወድቋል ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቀውም የሚሳሳቱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ የድቡንም ሙከራ፣ ልጆቹ በጨዋታው ተስበው ለውጡን ልብ አላሉትም በማለት የተቹት አሉ። የማሰብ ችሎታ ከዕድሜ ጋር በእርግጥ ይለወጣል። ነገር ግን ልጁ በሚያውቀውና እኛ ከአፉ በምንሰማው መካከል ቋንቋ አለ፣ የጠያቂው ፊትም አለ።

ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ያሳስበኛል። ልጁ ከማያውቀው ሰው ፊት ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ቤቱ በማይነገር ቋንቋ ለጥቂት ደቂቃ ይጠየቅና «ገና አልደረሰም» ይባላል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ ልጅ ብቻውን የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን በሰው እገዛ ሊሠራ የሚችለውንም ማየት እንደሚገባ አስተምሮ ነበር፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን እገዛ የሚባል ነገር የለም። ቢያንስ ፈታኙ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ፣ መልሱ ትክክል በሆነ ጊዜም ጭምር፣ «እንዴት አወቅህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ልጁ ያለውንም እንዳለ ይጻፈው። ወላጆችም ውጤቱን ስንቀበል ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ይህን ጽሑፍም እንጠይቅ።