ለአሮጌዋ ሙስታንግ ሞላ ፍለጋ

የዛሬው ቅዳሜ በሞላ ምርጫ አለቀ። መኪናዋ እዚሁ ቨርጂኒያ የጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ የቆመች የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ናት። ኋላዋ ቁጭ ብሏል። ባሌስትራው (የኋላው ባለ ቅጠል ሞላ) ደክሟል ማለት ነው።

ለካ ዝም ብሎ «የሙስታንግ ሞላ» የሚባል ነገር የለም! በዚያ ዓመት ባለ 6 ሲሊንደርም፣ ባለ 289 ቪ8ም (ባለ 8 ሲሊንደር)፣ ግዙፉ 390ም ሞተር ተገጥሞላት ወጥታለች፤ 289 እና 390 የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው። ለከባዱ 390 የተሠራውን የፊት ሞላ ባለ 6 ሲሊንደሯ ላይ ብትገጥሙት አፍንጫዋን ቀስራ ትቀራለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሞተሩ ነው፤ ቀጥሎ ኤሲ አላት ወይ የሚለው፣ እሱም ፊቷን ያከብዳልና።

ከዚያ ጥንካሬው አለ። ሞላውን 1 ኢንች ለመጨመቅ ስንት ፓውንድ ይፈልጋል? ቁጥሩ ሲጨምር መኪናዋ ኩርባ ላይ አትንገዳገድም፤ ወገባችሁ ግን ዋጋውን ይከፍላል። ጓደኛዬ የእሽቅድምድም ሞላ ካልገዛሁ ብሎ ሞቶ ነበር። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለምትሄድ መኪና ምን ያደርጋል? «እሺ፣ ያለውን ቆርጠን ዝቅ እናድርገው» አለ። ይሄም አይሆንም፤ ሞላ ሲቆረጥ ያጥራል ብቻ ሳይሆን ይጠነክራልም።

በመጨረሻ ከፋብሪካው ልክ ትንሽ ጠንከር ያለ የፊት ሞላ፣ ለኋላ ደግሞ ባለ 5 ቅጠል ባሌስትራ ከነአዲስ ጎሚኒው አዘዝን።

የሞላ መጭመቂያ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይጎዳል፤ በገመድና በጸሎት የሚሠራ ሥራ አይደለም 😅