ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ናይት ጋርድ መቼ ይደረጋል?

ማታ ተኝቼ ጥርሴን አፋጫለሁ። ለዚህ ብዬ ናይት ጋርድ (ማታ ሲተኙ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ) ካሠራሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር ታዲያ ከታች በኩል ሁለት የመጨረሻ መንጋጋዎቼን ተነቀልኩና የዚያኑ ዕለት ማታ ያለ እሱ እንዴት ልተኛ ብዬ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ጠርዙ የተሰፋው ድድ ላይ አረፈ። እንባዬ መጣ፤ ወዲያው አወጣሁት።

ጠዋት ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። "ለጊዜው ተዪው" አለችኝ። ለካ ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ነው ቁስሉን የሚሸፍነው፤ እሱ ከተነሳ አጥንቱ ይጋለጣል፣ ሕመሙ ደግሞ አይጣል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስትሮ መጠጣትና ሲጋራ ማጨስ የሚከለከለውም ለዚሁ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ ውኃ ጨው ጨምሬ ቀስ ብዬ መጉመጥመጥ ጀመርኩ።

በሳምንቱ ስሄድ ድዴን የሚነካውን ጫፍ ሞርዳ አስተካከለችልኝ። እናንተ ግን ቤት ውስጥ ራሳችሁ እንዳትቆርጡት። በፈላ ውኃም አትጠቡት፣ ይጣመማል፤ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። እብጠቱ ሳይጎድል ደግሞ በግድ አታስገቡት፣ እባካችሁ።